አሮጌ ሰርቪስ ቤት ሲያስፈርሱ

አዲስ አበባ፣ ግቢያችን ጥግ የነበረውን የጭቃ ሰርቪስ ሳስፈርስ ከአፍራሾቹ ጋር መጀመሪያ የተነጋገርነው ስለ ቆርቆሮው ነው። አሮጌ ቆርቆሮ፣ በር፣ የመስኮት ብረትና ደህና እንጨት ይሸጣሉ። ለሠራተኞቹ ከተዉላቸው የሥራው ዋጋ መቀነስ አለበት። ለራስዎ ካስቀሩት ደግሞ ሚስማሩን ቀስ ብለው እንዲነቅሉ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ቤት ማፍረስም ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ወረዳ ሄደው ይጠይቁ። መብራቱን ባለሙያ ያቋርጠው።

ዋጋውን በቁርጥ ይነጋገሩ፤ በቀን ሒሳብ ሥራው ይጓተታል። ፍርስራሹን ማን ይጭናል? የመኪናውንስ ማን ይከፍላል? በጽሑፍ ይስፈር፤ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጣሪያው ይነሳ፣ ከዚያ ግድግዳው ከላይ ወደ ታች። ጣሪያው ሳይነሳ ምሰሶ የሚቆርጥ ካዩ ወዲያው ያስቁሙት፤ ሰው ላይ ይወድቃል። ቀሪውን ክፍያ ግቢው ተጠርጎ ሲያልቅ ይስጡ።