ፖሊሽ አድርጌው ለምን ደበዘዘ? የመኪና ቀለም ችግርና መፍትሄ ለደሴና ለኮምቦልቻ አየር

ደሴ ውስጥ ወደ አንዱ የመኪና ዕቃ መሸጫ ግቡና «ፖሊሽ አለ?» በሉ። ባለሱቁ ሦስት አራት ዓይነት ጠርሙስ ይደረድርላችኋል። አንዱ ቀለም ይፍቃል። አንዱ ቀለም ላይ ይተኛል። አንዱ ደግሞ ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ ይሠራል። እኛ ግን ለሁሉም አንድ ስም ሰጥተናቸዋል። ተበላሽተው ወደ እኔ ከሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹን የጎዳቸው ይሄ የስም መደበላለቅ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ስሞቹን ልለያቸው። ፖሊሽ ስል የቀለሙን ፊት በስሱ የሚፍቀውን ማለቴ ነው። ኮምፓውንድ የእሱ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጠንከር አድርጎ ይፍቃል። ሰም፣ በሱቅ አፍ ዋክስ የሚባለው፣ አይፍቅም። ይሸፍናል፣ ይጠብቃል። ሲላንት ደግሞ ሰው ሠራሽ ሰም ነው ብላችሁ ያዙት፤ ከተፈጥሮው ሰም የበለጠ ይቆያል። ጠርሙሱ ላይ «ክሊነር ዋክስ» የሚል ካያችሁ መፋቂያውም መሸፈኛውም አንድ ላይ አለበት።

የዘመኑ መኪና ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል ግልጽ ሽፋን አለው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የራስ ፀጉር እንኳ ከእሱ ይወፍራል። ፖሊሽ ባደረግን ቁጥር ከዚያች ላይ እንቀንሳለን፤ የሄደው ደግሞ አይመለስም። ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው የታመመውን እወቁ የምለው ለዚህ ነው።

«ወርቅ አስመስዬው ነበር፣ በሁለት ሳምንቱ ደበዘዘ»

ከሁሉም አብዝቼ የምሰማው ይሄን ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው። ቀለሙ ፊቱ ሞቷል፣ ከላዩ ግን ሰም ብቻ ተቀብቶበታል። ሰም ዘይትነት ስላለው የሞተውን ፊት ለጊዜው ያጠግበዋል፣ ያበራዋል። ሁለት ዝናብና አንድ ላቫጆ ሲያገኘው ይታጠብና የድሮው መልክ ብቅ ይላል።

መፍትሄው ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። በደንብ እጠቡት። ከዚያ በፖሊሽ የሞተውን ፊት አንሱ። ሰሙ የመጨረሻ ነው። ቆሻሻ ላይ ቅቤ አይቀባም፤ ፀጉር እንኳ መጀመሪያ ይታጠባል።

ቀለሙ ደህና ሆኖ ሰሙ ብቻ ቶሎ የሚጠፋባችሁ ከሆነ የምታጥቡበትን ተመልከቱ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ሰም ያነሳል። በነጭ ጋዝ የተነከረ ጨርቅ ከዚያም ይብሳል፤ ለአንድ ቀን ያብለጨልጭና ሰሙን አሟሙቶ አቧራ ይሰበስባል። የመኪና ሻምፖ ተጠቀሙ፤ ትንሽ ጠብታ ለአንድ ባልዲ ይበቃል።

የደሴ ብርድም አያታልላችሁ። ከተማችን 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እየበረታ ይሄዳል። ከጉሙ በኋላ የምትወጣው ፀሐይ ትበላለች። ጣሪያውና ኮፈኑ ከበሮቹ ቀድመው የሚሞቱት በዚህ ነው። ስለዚህ ሰም ስትቀቡ ጣሪያውን «ማን ያየዋል» ብላችሁ አትዝለሉት።

«ጨርቁ ቀይ ሆነ፣ ቀለሙ እየለቀቀ ነው?»

አንድ ሽማግሌ ከሐይቅ ቀይ የድሮ ኮሮላ ይዘው መጡ። ቀይ ነው ለማለት ግን ይከብዳል፤ እንደ ቆየ ጡብ ደብዝዟል። አንዱን በር በወረቀት ፕላስተር ለሁለት ከፈልኩት። በግማሹ ላይ ስስ ፖሊሽ በእጄ ማሸት ስጀምር ነጩ ጨርቅ በርበሬ የተጠረገበት መሰለ። «ልጄ፣ ቀለሜን ጨረስከው እኮ!» አሉኝ። «አብሽሩ ጋሼ፣ ሬሳው ነው የወጣው» አልኳቸው። ፕላስተሩን ሳነሳው በግራ ጡቡ፣ በቀኝ ደማቁ ቀይ ጎን ለጎን ቆሙ። ጋሼ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ዝም ብለው ቆዩ።

ምክንያቱ መኪናው ክሊር ስለሌለው ነው። ብዙ የድሮ መኪኖች፣ በተለይ ነጭና ቀይ የሆኑት፣ ቀለማቸው ራሱ ፊታቸው ነው። ሲፋቅ ጨርቅ ይነካል። የእናንተ መኪና የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በሩ ሲከፈት ውስጥ ባለው ጠርዝ ላይ፣ ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ እሹ፤ መኪናው ነጭ ከሆነ ግን በጥቁር ጨርቅ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም። ካልያዘ አለው። ክሊር ያለው መኪና ድንገት ጨርቃችሁን ቀለም ካስያዘው ግን ወዲያውኑ አቁሙ። ክሊሩን ጨርሳችሁ ቀለሙ ላይ ደርሳችኋል ማለት ነው።

ለክሊር አልባው ስስ ፖሊሽ በእጅ ይበቃዋል። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ ያነሣችሁትን ሬሳ መልሳችሁ እንዳታሹበት። ሰሙን በዚያው ቀን ቀቡት። አዲስ የተገለጠ ፊት ያለ ሰም ፀሐይ ላይ ከዋለ ልፋታችሁ ቶሎ ይሞታል።

«ኮፈኑ ላይ ነጭ ቅርፊት ይነሳል»

ይሄ ክሊሩ ተላቅቆ ነው። ፖሊሽም ሰምም አይመልሰውም። ማሽን ደግሞ የቅርፊቱን ጠርዝ እየያዘ ያሰፋዋል። ገንዘባችሁን ለቀለም ቀቢ አስቀምጡት፤ ያ አካል ተፍቆ እንደገና መቀባት አለበት።

«ፀሐይ ላይ ሲቆም የሸረሪት ድር ይታያል»

ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ መኪና ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ጥላ ውስጥ ንጹሕ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ክብ ክብ ጭረት ይወጣል።

ምክንያቱ አቧራ ነው። በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ወርዶ የተመለሰ መኪና በአቧራ ተለብጦ ነው የሚመጣው። ያንን በደረቅ ጨርቅ «አንዴ ልጥረገው» ያለ ሰው በብርጭቆ ወረቀት እንዳሸው ይቁጠረው። መጀመሪያ በብዙ ውሃ አቧራውን አውርዱ። ከዚያ በሁለት ባልዲ እጠቡ፤ በአንዱ ሻምፖው፣ በሌላው ስፖንጁን የምታለቀልቁበት ንጹሕ ውሃ።

ጭረቱን ለማውጣት ግን የጥፍር ፈተና አድርጉ። ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ በአግድም ሳቡት። ጥፍር ከያዘ ጥልቅ ነው፤ ፖሊሽ ያለሰልሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ካልያዘ ይወጣል።

አሁን የእጅ ወይስ የማሽን የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በእጅ ስስ ድብዛዜ ይነሳል፣ ጭረቱም ይቀንሳል። የሸረሪት ድርን ሙሉ በሙሉ ለማውጣት ግን ማሽን ይሻላል። ዕቃውም ይለያያል። ለማሽን ተብለው የተሠሩ ብዙ ኮምፓውንዶች ውስጣቸው ያለው ደቃቅ አሸዋ መሰል ነገር በማሽኑ ሙቀትና ፍጥነት እየተሰበረ እንዲልም የታሰበ ነው። በእጅ ብታሹት አይሰበርም። ሻካራ እንደሆነ ይቀርና የራሱን ጭረት ይተዋል። በእጅ የምትሠሩ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ «በእጅ» የሚል ምልክት ያለውን ፈልጉ።

ማሽን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በአንድ ቦታ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ኃይለኛ ነው፣ ቀለምም ያቃጥላል። ሌላው እየተሽከረከረ ይንቀጠቀጣል፤ ለጀማሪ የሚሆነው እሱ ነው። ብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥሞ ፖሊሽ የሚያደርግ አይቻለሁ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ተሽከርካሪው የፖሊሽ ማሽን ግን ሥራውን የሚሠራው ከ1,000 እስከ 1,500 ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከደካማው ጀምሩ፤ ለስላሳ ስፖንጅና ስስ ፖሊሽ። ስፖንጁ ላይ ሽምብራ የሚያህሉ አራት ጠብታዎች ይበቃሉ። ከ50 በ50 ሳንቲ ሜትር አትለፉ። ያንኑ በቀስታ፣ አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም፣ ሂዱበት። ከዚያ ግማሽ ውሃ ግማሽ አልኮል በሆነ ድብልቅ ጥረጉትና ፀሐይ ላይ እዩት። የፖሊሹ ዘይት ጭረት ይደብቃል፤ አልኮሉ ነው እውነቱን የሚያሳያችሁ። ካልወጣ ብቻ ወደ ጠንከር ያለው እለፉ። በሥራ መሀል መብራት ከሄደ ማሽኑን ወዲያው ከቀለሙ አንሡና አጥፉት። ተኝቶ ሳለ መብራት ቢመለስ ዋጋ ያስከፍላል።

«ማሽን ከገባበት በኋላ ሞገድ የመሰለ ጥላ ቀረ»

በተሽከርካሪው ማሽን፣ በሱፍ ፓድና በኮምፓውንድ ተጀምሮ እዚያው ላይ ያበቃ ሥራ ነው። ኮምፓውንድ ብቻውን መጨረሻ አይሆንም። በለስላሳ ስፖንጅና በስስ ፖሊሽ ድገሙት፣ ሳትጫኑ፣ በማሽኑ ክብደት ብቻ። የሚንቀጠቀጠው ማሽን ካላችሁ ለዚህ ዙር እሱን አንሡ።

«ሰሙ ደርቆ አልለቅ አለኝ»

ኮምቦልቻና ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው። በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ። አንዱ ጠርሙስ በሁለቱ ከተሞች ሁለት ጠባይ አለው። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ የመታው ኮፈን ላይ ከቀባችሁት እዚያው ይጋገራል። ደሴ ላይ በጉም ጧት ከቀባችሁት ደግሞ አልደርቅ ይላል፤ ስትጠርጉትም ቅባቱ ይዥጎረጎራል።

መዳፋችሁን ኮፈኑ ላይ አኑሩ። ካቃጠላችሁ ጥላ ውስጥ አስገቡትና ይቀዝቅዝ። ከቀባችሁ በኋላ በአንድ ጣት ጫፍ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩ። ጣታችሁ ያለፈበት ንጹሕ ከሆነ ለመጥረግ ደርሷል። ከተዥጎረጎረ ጥቂት ቆዩ። የተጋገረውን በኃይል አትሹት። ያንኑ ሰም ከላዩ በስሱ ድገሙት፤ አዲሱ አሮጌውን ያለሰልሰዋል። ወዲያው በማይክሮፋይበር፣ ማለትም በለስላሳው የመኪና መጥረጊያ ጨርቅ፣ ጥረጉት። በሁለቱም ከተማ ስሱ ይበልጣል። ብዙ መቀባት ብዙ መጥረግ ነው እንጂ ብዙ ማብራት አይደለም።

ቶሎ ቶሎ የሚጠየቁ

ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ የቀረ ነጭ ሰም፦ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ለብ ያለ የሳሙና ውሃ። በሚቀጥለው ቀድማችሁ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት።

የጉድጓድ ውሃ ደርቆ የተወው ነጭ ነጥብ፦ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሉ፣ በጨርቅ ለአንድ ደቂቃ አኑሩበት፣ በብዙ ውሃ እጠቡ። የቆየ ከሆነ ስስ ፖሊሽ ይፈልጋል። አቼቶው ሰሙንም ስለሚያነሳ ያንን ቦታ መልሳችሁ ቀቡት።

ሬንጅ፦ የሬንጅ ማስለቀቂያ ግዙ። በጥፍርም በቢላም አትሞክሩ።

የወፍ ኩስ፦ በቀኑ፣ በእርጥብ ጨርቅ አርሳችሁ አንሡት። ፀሐይ ካገኘው ክሊሩን ይበላል።

«ጠርዙ ላይ ሌላ ቀለም ታየ»

ይሄን በራሴ እጅ አድርጌዋለሁ። ሰማያዊ ቪትዝ ነበር፣ በሩ ላይ ያለው የእጥፋት መስመር። ማሽኑን አንዴ ብቻ አቆየሁበት። አንድ የክብሪት እንጨት የምታህል ግራጫ ክር ወጣች፤ ከቀለሙ በታች ያለው መሠረት ነው። ለባለቤቱ ነገርኩት፣ ቀለም ቀቢውንም ከኪሴ ከፈልኩ።

ጠርዝና እጥፋት ላይ ቀለሙ ስስ ነው፣ ማሽኑም ጉልበቱን እዚያች ነጥብ ላይ ይሰበስባል። መሠረቱ ከወጣ በኋላ መፍትሄው የንክኪ ቀለም (በትንሽ ብሩሽ የሚነካካ የመኪናው ቀለም) ወይም ቀቢ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ማሽን ከማንሣቴ በፊት የበሮቹን፣ የኮፈኑንና የፓራፋንጎውን ጠርዝ ሁሉ በወረቀት ፕላስተር እሸፍናለሁ። ማሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ፕላስተሩን ልጬ ያቺን አንድ ጣት ስፋት በእጄ እሠራታለሁ።