ሽፈራው የማን ዘመድ ነው? ስለ አንድ ትንሽ የዕፅዋት ቤተሰብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ውስጥ ፓፓያና ሽፈራው ጎን ለጎን የበቀሉበት ግቢ ብርቅ አይደለም። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው ብትሉ ግን የሚስቅባችሁ አይጠፋም። የሽፈራው ቤተሰብ ሞሪንጋሴ ይባላል። ትንሽ ነው፤ ሞሪንጋ የሚባል አንድ ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ)፣ 13 ዝርያዎች፣ አለቀ። የሚወራበት ስህተት ግን ከቁጥሩ ይበልጣል።

ዋናው ስህተት ከባቄላና ከአተር ወገን መመደቡ ነው። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ዝም ብለው አይደለም። ቅጠሉ ከባቄላ ወገን እንደሆነው ድሬዳዋ ዛፍ የተበጣጠሰ ነው፣ ፍሬውም ረጅም ሆኖ ይንጠለጠላል። ቅጠል ብቻውን ማስረጃ ከሆነ ግን ጃካራንዳም ከባቄላ ወገን ሊሆን ነው፤ እሱም አይደለም። ይልቅ የደረቀ ፍሬ አንሱና ክፈቱት። የአተር ሽፋን ለሁለት ይከፈላል፣ የሽፈራው ለሦስት ይሰነጠቃል። ውስጡ የምታገኙት ዘርም ሦስት ስስ ክንፍ አለው። ነገሩ ከአበባው ይጀምራል፤ የአተር ፍሬ የሚያድገው ከአንድ ካርፔል፣ ማለትም ዘር ከሚይዘው የአበባው የሴቴ ክፍል ነው፣ የሽፈራው ከተጣመሩ ሦስት ካርፔሎች።

ስህተቱ እርሻ ላይም ይወርዳል። ሽፈራው ናይትሮጅን ለአፈሩ ይጨምራል ብሎ በቆሎ መሃል የሚተክል አለ። እንደ ባቄላ ባክቴሪያ የሚኖርበት የሥር እብጠት ግን የለውም። መትከሉስ ይትከል፣ ማዳበሪያውን ግን አይተው።

ሁለተኛው፣ «ፓፓያ ከሽፈራው ጋር ምን አገናኘው?» የሚለው ነው። በዚህ እንኳን ሊቃውንቱም ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ የአርተር ክሮንክዊስት አመዳደብ ሽፈራውን ወደ ጎመን ወገን አስጠግቶ፣ ፓፓያን ከፓሽን ፍሩትና ከዱባ ጋር አስቀምጦት ነበር። በኋላ ዲኤንኤ ሲነጻጸር የሽፈራው ቤተሰብ የቅርብ ዘመድ የፓፓያ ቤተሰብ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሁለቱም ብራሲካሌስ በሚባለው ሰፊ ጎራ ውስጥ ናቸው። ጎመን፣ ሰናፍጭና ፌጦም እዚያው ናቸው።

ላቦራቶሪ ሳትገቡ ፍንጩን ምላሳችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። የበሰለ ፓፓያ ቁረጡና ከጥቁሮቹ ፍሬዎች አንዷን አኝኩ። ፌጦ ፌጦ ትላለች። በእነዚህ ተክሎች ውስጥ ግሉኮሲኖሌት የሚባል ውህድ አለ። ተክሉ ሲታኘክ ወይም ሲወቀጥ ለብቻው ተቀምጦ ከነበረ ኢንዛይም ጋር ይገናኛል፣ ያኔ የሚያቃጥለው ነገር ይወጣል። ሰናፍጭ አፍንጫ የሚሰነፍጠው በዚሁ መንገድ ነው። የሽፈራው ሥርም ሲላጥ እንዲሁ ይሸታል።

ዘመድ ናቸው ሲባል ደግሞ «ሽፈራው ከፓፓያ ወጣ» የሚል ይመጣል። አይደለም። ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ የተለያዩ ናቸው። አንድ ቤተሰብም አይደሉም፤ የፓፓያው ለብቻው ካሪካሴ ይባላል፣ አብዛኛው ዝርያውም አሜሪካ አህጉር ነው ያለው።

ሌላው፣ «ሞሪንጋ የህንድ ዛፍ ነው» የሚባለው። ኦሌይፌራ የሚባለው ዝርያ አዎ፣ የህንድ ነው። ከጠቅላላው ዝርያ ከግማሽ በላይ የሚገኘው ግን በአፍሪካ ቀንድ ነው። የኮንሶ ገበሬ በእርከኑ ላይ የሚያሳድገው፣ ጋሞዎች አሌኮ የሚሉት፣ ስቴኖፔታላ ነው፤ የእኛው አገር በቀል። ይሄን ማምታታት ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ስለ ሞሪንጋ የሚነበበው አብዛኛው የኦሌይፌራ ነው። የአንዱን የምርምር ውጤት ወስዶ ለሌላው መለጠፍ አያስኬድም።

ለመለየት ግንዱን እዩ። ስቴኖፔታላ ሲያረጅ ግንዱ ከታች ይወፍራል፣ የቅጠሉ ክፍሎችም ሰፋ ይላሉ። ኦሌይፌራ ቀጠን ያለ ነው፣ ቅጠሉም ደቃቅ። ችግኝ ላይ ግንዱ ገና አይረዳም፤ ቅጠሉን ተመልከቱ፣ ዘሩ ከየት እንደመጣም ሻጩን ጠይቁ።