«ደበረኝ» እና የድብርት ሕመም፦ ልዩነቱን ቤት ውስጥ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ነገሩን ካወሳሰቡት አንዱ ቃሉ ራሱ ነው። መብራት ሲጠፋም፣ ዝናብ ሲውልም፣ የምንደግፈው ቡድን ሲሸነፍም «ደበረኝ» እንላለን። ሐኪሙ የሚያክመውም ሕመም «ድብርት» ነው፤ ለመለየት ሲሉ «ድባቴ» የሚሉትም አሉ። ስለዚህ አንድ ሰው «ድብርት አለብኝ» ሲል ሰሚው «ውጣ፣ ተጫወት፣ ይለቅሃል» ብሎ ያልፈዋል።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር «ምን ጎድሎበት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ምክንያት ካለው ሐዘን፣ ከሌለው ቅብጠት ወይም መንፈስ ይባላል። ይህ መለኪያ አይሠራም። እናቱን የቀበረ ሰው ሐዘኑ ወደ ሕመም ሊዞርበት ይችላል፤ ምንም ያልጎደለው ሰውም ይታመማል። የሚያዋጣው ስንት ቀን እንደቆየ፣ በመሀል ፋታ ይሰጥ እንደሆነና ሥራና ኑሮ ያስፈታ እንደሆነ ማየት ነው።

ፋታውን ለማየት ከለቅሶ ቤት የተሻለ ቦታ የለም። ከሩቅ የመጣ ዘመድ እየጮኸ ሲገባ ሐዘኑ ያገረሻል፤ ማታ ላይ ግን አንዱ ስለ ሟቹ የሚያስቅ ነገር ሲያነሳ ሐዘንተኛው ራሱ ይስቃል፣ የቀረበለትን ይቀምሳል። በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ እንደገና ይከብዳል፣ በመካከሉ ግን እየቀለለ ይሄዳል። የሚያስለቅሰውም ያጣው ሰው ናፍቆት ነው። የድብርት ሕመም የያዘው ሰው ግን ቡና ተፈልቶ፣ የሚወዳት የእህቱ ልጅ ጭኑ ላይ ወጥታም ፊቱ አይፈታም። ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ይነቃና እንቅልፍ አይመለስለትም፤ ጠዋት ይብስበታል። ሐሳቡም ራሱ ላይ ይዞራል፦ «ለማንም አልረባም»፣ «ሸክም ሆንኩባቸው»።

አለማልቀሱ አያታላችሁ። ብዙ ታማሚ ጤና ጣቢያ የሚሄደው «ከፋኝ» ብሎ ሳይሆን «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴን ይቆራርጠኛል፣ ሆዴን ይነፋኛል» ብሎ ነው። ስለ እንቅልፉና ስለ ስሜቱ ጠያቂ ካላገኘ በጨጓራ መድኃኒትና በታይፎይድ ምርመራ ሲመላለስ ወራት ያልፋሉ።

የዘጠኙ ጥያቄዎች መለኪያ

የድብርትን ክብደት የሚለካ ፒኤችኪው-9 የሚባል መጠይቅ አለ፤ የአማርኛው ትርጉም ኢትዮጵያ ውስጥ በጥናት ተፈትሿል። ወረቀትና እስክሪብቶ፣ አሥር ደቂቃም ይበቃዋል። ባለፉት 14 ቀናት እነዚህ ምን ያህል ጊዜ አስቸገሩ? 1) ለነገሮች ፍላጎት ወይም ደስታ ማጣት፤ 2) መከፋት ወይም ተስፋ መቁረጥ፤ 3) እንቅልፍ ማጣት ወይም መብዛት፤ 4) ድካም፤ 5) የምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም መብዛት፤ 6) ራስን እንደማይረባ መቁጠር፤ 7) ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፤ 8) ሌላ ሰው እስኪያስተውለው ድረስ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፤ 9) «ብሞት ይሻለኝ ነበር» ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ። ጨርሶ ካልነበረ 0፣ ጥቂት ቀን ከሆነ 1፣ ከግማሽ ቀናት በላይ ከሆነ 2፣ በየቀኑ ለማለት ከቻላችሁ 3 ስጡና ደምሩ። ከ5 እስከ 9 ቀላል ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሙት። 10 እና ከዚያ በላይ ለሐኪም የሚታይ ነው፣ በተለይ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች አንዱ 2 ወይም 3 ካገኘ። 20 ከደረሰ ከባድ ነው።

የሚበላሸው አሞላሉ ላይ ነው። ትናንት የተጣላ ሰው የትናንቱን ስሜት ሁለት ሳምንት ያደርገዋል። በጾም ወቅት የጾሙን ድካምና ረኃብ ከሕመሙ ጋር አትደምሩ፤ ጥያቄው ጾሙ ሲፈታም ምግብ ይጠላል ወይ የሚል ነው። ጫት ያቋረጠ ሰው ዱካክና ሐራራም ይህንኑ ስለሚመስል ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል። ስምንተኛውን አብሯችሁ የሚኖር ሰው ይመልሰው፤ ሌላውን ግን ቤተሰብ አጠገብ ቆሞ እያነበበ አይሞላም፣ ዘጠነኛው ላይ ሁሉም ሰው ዜሮ ይጽፋልና።

ዘጠነኛው ከዜሮ በላይ ከሆነ ድምሩን አትጠብቁ። ፊት ለፊት ጠይቁ፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ? አሁንስ?» መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም። አሁን እያሰበ ከሆነ ብቻውን አትተዉት፤ ፀረ ተባይና ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ከእጁ አርቁ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ሐኪም ዘንድ

የሠለጠነ ባለሙያ ካለበት ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ አዲስ አበባ ላይ በአእምሮ ሕክምና አንጋፋው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። የሞላችሁትን ወረቀትና የምትወስዱትን መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መድከም ድብርት ስለሚመስሉ የደም ምርመራው ይታይ እንደሆነ ጠይቁ። በቅርብ የወለደች እናት ይህንኑ ትናገር። ካልተጠየቃችሁም መናገር ያለባችሁ ሌላ ነገር አለ፦ ለቀናት ሳይተኙ የማይደክሙበት፣ ንግግርና ወጪ የሚበዛበት ጊዜ ኖሮ እንደሆነ። ያ ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚግልበት፣ አንዴ የሚወድቅበት የአእምሮ ሕመም) ሊሆን ይችላል፤ የድብርት መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ወደዚያ ወደ ጋለው ስሜት ሊገፋ ይችላል።

ሕመሙ ቀላል ከሆነ ንግግር ሕክምናና ዕለታዊ እንቅስቃሴ ሊበቃ ይችላል። እንቅስቃሴው ሲባል «በርታ» ማለት አይደለም። ትንሽና ሰዓት ያለው ነገር ነው፦ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፊት ታጥቦ 10 ደቂቃ ደጅ መራመድ፣ በሳምንቱ 15። ፍላጎት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው አይነሳም፤ ሲንቀሳቀስ ነው ፍላጎቱ የሚከተለው። ቤተሰብም «ተመስገን በል» ከሚለው ይልቅ ጫማውን አምጥቶ አብሮት ቢወጣ ይሻላል።

ከመድኃኒቶቹ ፍሉኦክሰቲን ብዙውን ጊዜ በ20 ሚሊግራም ይጀመራል፤ እንቅልፍ ሊያሳጣ ስለሚችል ጠዋት ይወሰዳል። አሚትሪፕቲሊን ስለሚያስተኛ ለማታ ነው፤ አፍና ሆድ ያደርቃል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ማቅለሽለሹና ራስ ምታቱ ቀድመው ይመጣሉ፣ ጥቅሙ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ሙሉው ከዚያም በላይ ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ ወጣቶች ላይ፣ መቁነጥነጥ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከባሰ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ። ፍሉኦክሰቲን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ጾም አያስቆመውም፤ በረመዳን ከሱሁር ጋር መዋጥ ይቻላል።

ጸበል የሚሄድ ሰውም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ተናግረው ነበር፤ እዚህም ያው ነው። ተሽሎኛል ብሎ በአንድ ጊዜ ማቆም ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ፣ ሕመሙንም ሊመልስ ይችላል። ከዳኑ በኋላ ቢያንስ ለ6 ወር፣ ሕመሙ ተመላላሽ ከሆነ ከዚያም በላይ ይወሰዳል፤ ሲቆምም ሐኪሙ መጠኑን በየሳምንታቱ እየቀነሰ ነው።