ከእምቦጭ የሚወጣውን ሜቴን ጎንደር ላይ በትክክል ለመለካት

ጎንደር ላይ 1000 ሚሊ ሊትር ተብሎ የተነበበ ጋዝ በዓለም አቀፉ መመዘኛ (ደረቅ ጋዝ፣ 0 ዲግሪ፣ 101.3 ኪሎፓስካል) ሲሰላ ወደ 680 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር አካባቢ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ከ78 እስከ 79 ኪሎፓስካል ነው፤ በባሕር ወለል ላይ ግን 101.3 ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ያው ጋዝ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፤ የክፍሉ ሙቀትና ከጋዙ ጋር ያለው የውሃ እንፋሎትም ይጨምሩበታል። ይህን ሳያስተካክል ውጤቱን ከህንድ ወይም ከጀርመን ጽሑፍ ጋር የሚያነጻጽር ተመራማሪ የጣና እምቦጭ ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለዋል።

እምቦጭ በጣና መኖሩ በይፋ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለባዮጋዝ መዋል አለመዋሉ የብዙ መመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሆኗል። ጋዝ መስጠቱ አያጠራጥርም። ዋናው ነገር ስንት ይሰጣል የሚለው ነው፤ እሱን የሚመልሰው ደግሞ የሜቴን አቅም ሙከራ ነው። ሙከራው በጠርሙስ የሚሠራ፣ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ግን ዝርክርክነትን የማይወድ ሥራ ነው። ቀጥሎ ያለው ለመመረቂያ ተማሪዎችና ለላቦራቶሪ ረዳቶች የተጻፈ ነው።

ናሙናው

እምቦጩ ከጎርጎራ ዙሪያ ወይም መገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አካባቢ ይገኛል። ጎርጎራ በአዘዞና በቆላድባ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት የተነቀለ ከሰዓት ላቦራቶሪ ይደርሳል። ሥሩን ከቅጠሉና ከግንዱ ለዩ። ሥሩ ደለል ስለሚይዝ አመዱን ያበዛዋል፤ ከውሃው የሚሰበስባቸው ብረቶችም እሱ ውስጥ ነው የሚከማቹት። ሥሩንም መሞከር ካሰባችሁ ለብቻው ያዙት እንጂ አትቀላቅሉት፤ አለበለዚያ ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው ውጤቱ ለምን እንደተለያየ ማወቅ አይቻልም።

በጆንያ አታጓጉዙ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ይሻላል፤ ከተክሉ የተቆረጠ ትንሽ ቡቃያ ውሃ ካገኘ እንደገና ይበቅላል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የከተማዋን የመጠጥ ውሃ የሚይዘው የአንገረብ ግድብ በቅርብ ስላለ በዚህ ቸልተኛ መሆን አይገባም።

ቅጠልና ግንዱን ከ1 ሴንቲ ሜትር ባነሰ መጠን ከትፋችሁ በደንብ አደባልቁ። ብሌንደር ካለ ያለ ውሃ ፍጩት። በዚያው ቀን ካልተጠቀማችሁበት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት፤ ከሁለት ቀን በላይ ግን አታቆዩት። ከቆየ መኮምጠጥ ይጀምራል፤ ከዚያ የሚመጡት አሲዶች ኦቨን ውስጥ ከውሃው ጋር ስለሚተኑ የጠጣሩ መጠን ከእውነቱ አንሶ ይነበባል።

ጠጣሩን ለማግኘት 20 ግራም ያህል እርጥብ ናሙና በሦስት ክሩሲብል መዝኑና በ105 ዲግሪ አሳድሩ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ዴሲኬተር ውስጥ አቀዝቅዛችሁ መዝኑ፤ ከዚያ ማፍል ፈርነስ ውስጥ በ550 ዲግሪ 2 ሰዓት አቃጥላችሁ እንደገና መዝኑ። ለምሳሌ 20 ግራሙ ከኦቨን በኋላ 1.20 ግራም፣ ከፈርነስ በኋላ ደግሞ 0.24 ግራም አመድ ከሆነ ጠጣሩ 6 በመቶ ነው፤ የተቃጠለው፣ ማለትም ቪኤስ የምንለው፣ 0.96 ግራም ወይም ከእርጥቡ 4.8 በመቶ ነው። እምቦጭ ከ90 እስከ 95 በመቶው ውሃ ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ አያስደንግጣችሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ ሁሉ በዚህ 4.8 ላይ ስለሚቆም ሦስቱ ክሩሲብሎች ካልተቀራረቡ ድገሙት።

እርሾው

ሙከራውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እምቦጩ አይደለም፤ እርሾው፣ ማለትም ሜቴን ሠሪዎቹን የያዘው ፍሳሽ ነው። ሜቴን የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ከውጭ መግባት አለባቸው፤ ምርጡ ምንጭ በደንብ ከሚሠራ የቤተሰብ ባዮጋዝ ማብላያ መውጫ የተቀዳ ፍሳሽ ነው። ምድጃው በሰማያዊ ነበልባል እየነደደ ካለ ቤት ቅዱ። ጋዝ ከማይሰጥ ማብላያ የተቀዳ ፍሳሽ በመልክና በሽታ ደህና ቢመስልም ሞቶ ሊሆን ይችላል።

ማብላያ ካልተገኘ ትኩስ አዛባን በእኩል ውሃ በጥብጦ፣ ከቄራ የመጣ ፈርስ ጨምሮ፣ አየር በማይገባበት ጀሪካን በ37 ዲግሪ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ማቆየት ይቻላል። ጋዙ መውጫ ቱቦ ይኑረው፤ ቱቦ የሌለው ጀሪካን ተነፍቶ ይፈነዳል። ፈርስ ብቻውን ግን እርሾ አይሆንም። በከብቱ ሆድ ውስጥ ያለው ሥራ አሲድ መሥራት ላይ ያተኮረ ስለሆነ ጠርሙሱን ያኮመጥጠዋል።

ከየትም ይምጣ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት አጥልሉትና ክዳኑን አላልታችሁ በ37 ዲግሪ ከ5 እስከ 7 ቀን ያለ ምግብ አቆዩት። በውስጡ የቀረውን በልቶ ይጨርስ። ይህ ካልተደረገ እርሾው ራሱ ብዙ ጋዝ ይሰጥና የእምቦጩ ድርሻ ይሰወራል። ፒኤቹ ከ7 እስከ 8.5 ከሆነ ጥሩ ነው። የእርሾውንም ጠጣርና ቪኤስ እንደ እምቦጩ ለኩ።

ጠርሙሶቹ

12 ጠርሙስ ያስፈልጋል፦ 3 እርሾ ብቻ፣ 3 እርሾና ሴሉሎስ፣ 3 እርሾና እምቦጭ፣ 3 እርሾ ከእምቦጭና ከአዛባ ጋር። በመጨረሻው ቡድን ቪኤሱ እኩል በእኩል ከሁለቱ ይምጣ። ጠርሙስ ለመቆጠብ ብላችሁ የሴሉሎሱን አትተዉ። ሌሎቹን ቁጥሮች ለማመን የሚያበቃችሁ እሱ ነው። ማይክሮክሪስታላይን ሴሉሎስ ለኪኒን መሥሪያ ስለሚውል የፋርማሲ ላቦራቶሪ ውስጥ ጠይቁ።

በየጠርሙሱ የእርሾው ቪኤስ ከምግቡ፣ ማለትም ከሚሞከረው እምቦጭ፣ አዛባ ወይም ሴሉሎስ፣ ቪኤስ ቢያንስ እጥፍ ይሁን። እርሾው 2.5 በመቶ ቪኤስ ካለው 500 ግራሙ 12.5 ግራም ይይዛል፤ የምግቡ ድርሻ ስለዚህ 6.25 ግራም ነው። በ4.8 በመቶ ሲካፈል 130 ግራም እርጥብ እምቦጭ ይሆናል። 70 ግራም ንጹሕ ውሃ ጨምራችሁ 700 ላይ አድርሱት። እርሾ ብቻ በያዘው ውስጥ 200 ግራም ውሃ ይግባ። ባለ 1 ሊትር የመስታወት ጠርሙስ ከላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ አረፋ ቢነሳ ቱቦውን እንዳይደፍነው ይበቃል።

የሃይላንድ ጠርሙስ ለዚህ አይሆንም። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ይነፋል፣ ይኮማተራል፤ ለሳምንታት ሲቆይ ጋዝም ያሳልፋል። የጎማ ቡሽና የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ግን በደንብ ይሠራሉ። መግጠሚያዎቹን በሲልከን ዝጉና በቱቦው አየር ነፍታችሁ የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋ የሚነፋ ቦታ ካለ ይፈሳል። ይህን ከመሙላታችሁ በፊት አድርጉት። ከተሞላ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ዋጋ የለውም፤ ስንት እንደፈሰሰ አይታወቅም።

ናይትሮጅን ካለ ባዶውን ቦታ አንድ ሁለት ደቂቃ አጽዱበት። ከሌለም እርሾው በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ስለሚጨርሰው ሥራው አይቆምም፤ ብቻ 12ቱም ላይ አንድ ዓይነት ይደረግ።

ሙቀቱ 37 ዲግሪ ይሁን፤ ከ2 ዲግሪ በላይ አይዋዥቅ። መብራት ሲጠፋ ኢንኩቤተር ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ የውሃ መታጠቢያ (ጠርሙሶቹ የሚቆሙበት የሞቀ ውሃ ገንዳ) ግን ውሃው ብዙ ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ዙሪያውን በፎም ከሸፈናችሁትና ክዳን ካደረጋችሁለት ለሰዓታት ይቆያል። ጠርሙሶቹን በቀን አንድ ሁለቴ በእጅ ወዝውዙ፤ እምቦጭ ከላይ መንሳፈፍ ይወዳል፣ ከተንሳፈፈም አይበላም።

ጋዙን መያዝና ማንበብ

ከጠርሙሱ የሚወጣው ቱቦ መጀመሪያ ወደ 3 ሞላር ኮስቲክ ሶዳ ይግባ፦ በሊትር 120 ግራም፣ ለአንድ ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር። ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ይግላል፣ ዓይንም ያጠፋል፣ መነጽርና ጓንት የግድ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እሱ ያስቀረዋል፤ አልፎ የሚሄደው ሜቴን ነው። ጥቂት ጠብታ ቲሞልፍታሊን ጨምሩበት። ሰማያዊ እስከሆነ ይሠራል፤ ቀለሙ ሲጠፋ ለውጡት።

ከዚያ ጋዙ በውሃ የተሞላ ጠርሙስ አናት ላይ ይግባና ውሃውን ገፍቶ ወደ ሌላ ዕቃ ያስወጣ። የወጣውን ውሃ በሚዛን መዝኑ፤ 1 ግራም 1 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሲሊንደር ላይ ዓይን ከማፍጠጥ ይሻላል። ስታነቡ በሁለቱ ዕቃዎች ያለው የውሃ ወለል እኩል ይሁን። የ10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት 1 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በጎንደር ግፊት ይህ ከ1 በመቶ ይበልጣል።

በየቀኑ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የውሃውን ክብደት፣ የአየሩን ግፊት፣ ጋዙ የተሰበሰበበትን ክፍል ሙቀት። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የስልክ የአየር ጠባይ መተግበሪያ ነው፤ ጎንደር ላይ ሆናችሁ 1015 ገደማ ሄክቶፓስካል ያሳያችኋል፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ያልተስተካከለው፣ 785 አካባቢ የሚሆነው ነው። በክፍሉ ውስጥ ባለ ባሮሜትር ወይም ግፊት መለኪያ ባለው ስልክ ለኩ። የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያን ቁጥርም እንዳለ አትውሰዱ፤ ቦታው ከከተማው ዝቅ ይላል። ሁለተኛው ወጥመድ ሙቀቱ ነው፤ ሒሳቡ ውስጥ የሚገባው የመታጠቢያው 37 ዲግሪ አይደለም፣ ጋዙ በሚሰበሰብበት ቦታ ያለው ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የተነበበው መጠን × (የአየር ግፊት − የውሃ እንፋሎት ግፊት) ÷ 101.3 × 273 ÷ (273 + የጋዙ ሙቀት)። ክፍሉ 25 ዲግሪ ከሆነ የእንፋሎቱ ግፊት 3.2 ኪሎፓስካል ነው። ግፊቱ 78.5 ቢሆን 75.3 ÷ 101.3 = 0.743፤ በ273 ÷ 298 ሲባዛ 0.681 ይመጣል። ከዚያ የሦስቱን የእርሾ ብቻ ጠርሙሶች አማካይ ቀንሱና የቀረውን ለ6.25 ግራም አካፍሉ።

የሴሉሎሱ ጥቅም የሚታየው እዚህ ነው። 1 ግራም ሴሉሎስ በኬሚስትሪው ስሌት ከ415 ሚሊ ሊትር በላይ ሜቴን ሊሰጥ አይችልም። ጥሩ ሙከራ ከ340 እስከ 395 ያገኛል። ትክክለኛው 350 የሆነ ጠርሙስ የግፊቱ፣ የእንፋሎቱና የሙቀቱ ማስተካከያ ቢረሳ 514 ይነበባል፤ ይህ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሴሉሎሱ ከ415 ካለፈ ማንም ከመናገሩ በፊት ራሱ ይነግራችኋል። ከ340 በታች ከሆነ ደግሞ ወይ ጋዝ ይፈሳል ወይ እርሾው ደካማ ነው፤ የእምቦጩ ቁጥር ምንም ቢያምር አይታመንም።

ሲበላሽ

ጋዙ ሁለት ሦስት ቀን ፈጥኖ ወጥቶ ድንገት ቀጥ ካለ ጠርሙሱ ኮምጥጧል። አንዱን ከፍታችሁ ፒኤቹን ለኩ፤ ከ6.5 በታች ከሆነ ምግቡ ለእርሾው በዝቷል። ኖራ ጨምሮ ማዳን ለማብላያ እንጂ ለዚህ ሙከራ አይሆንም፤ እርሾውን ከምግቡ ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ እንደገና ጀምሩ። ከሦስቱ ተመሳሳይ ጠርሙሶች አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ መጀመሪያ ቡሹን ፈትሹ። እርሾ ብቻ የያዙት ከሴሉሎሱ ጋዝ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ከሰጡ የማስራቡ ቀናት አልበቁም። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውሃው ወደ ኋላ እየተሳበ ኮስቲክ ሶዳውን ወደ ጠርሙሱ እንዳያስገባ በመካከል ባዶ ትንሽ ጠርሙስ አኑሩ።

የቀኑ ጋዝ ለ3 ተከታታይ ቀን ከድምሩ 1 በመቶ በታች ሲሆን ሙከራው ያበቃል። ብዙ ጊዜ አንድ ወር ያህል ይፈጃል፤ የእርሾው ዝግጅት ሲታከልበት ሁለት ወር ይደርሳል፣ ስለዚህ ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ጀምሩ። ጽሑፉ ላይ ግፊቱንና ሙቀቱን፣ የእርሾና የምግቡን ምጣኔ፣ የሴሉሎሱንም ውጤት አብራችሁ አስቀምጡ።

ጠርሙሶቹን መስኮት ከፍታችሁ፣ እሳትና ምድጃ በሌለበት ክፈቱ፤ ሜቴን ይነዳል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድም መርዝ ነው። የተረፈውን ፍሳሽና እምቦጭ በቧንቧም ሆነ ወደ ቀሃ ወንዝ አትድፉ። ኦቨን ውስጥ በ105 ዲግሪ አድርቃችሁ አቃጥሉት፤ የተጓጓዘበትን ባልዲ ያጠባችሁበትንም ውሃ በወንፊት አሳልፋችሁ የቀረውን ቁርጥራጭ አብራችሁ አቃጥሉ።