የድሮ መኪና ሙቀት ሲጨምርባችሁ ችግሩን እንዴት ታገኙታላችሁ

የሙቀት ጌጁ ወደ ቀይ መውጣት ከጀመረ "ትንሽ ነው የቀረኝ" አትበሉ፣ ዳር ያዙ። እኔ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ስወጣ ልደርስ ነው ብዬ ነድቼው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣሞ ሞተር እስከማስፈታት ደርሻለሁ።

መቆሚያ እስክታገኙ ኤሲ አጥፉና ሂተሩን እስከመጨረሻ ክፈቱት፣ ይሞቃችኋል ግን የሞተሩን ሙቀት ስለሚስብለት ያግዛል። ከቆማችሁ ሞተር አጥፉ፣ ኮፈኑን ክፈቱ፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን እንዳትነኩ!! ውሃው ታምቆ ስላለ ፊታችሁ ላይ ነው የሚፈነዳው። ቢያንስ ግማሽ ሰአት ጠብቁና የላይኛውን የራዲያተር ጎማ (ውሃ የሚያመላልሰውን ቱቦ) ጨበጥ አርጉት፣ ከቀዘቀዘና ከለሰለሰ በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታ ይሰነጥቃል፣ በረድ ይበል መጀመሪያ።

አሁን ክዳኑን ገልብጣችሁ እዩት። ብዙ ሰው ይንቀዋል እኔ ግን ከሱ ነው የምጀምረው፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሞተር ደግሞ ደህና ሆኖም እዛው አካባቢ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ቀይሩት፣ ላዩ ላይ 0.9 የሚል ከሆነ (የግፊቱ መጠን ነው) 0.9 ግዙ።

ውሃ ጎሎ ከሆነ የት እንደሄደ ፈልጉ። ማታ ከሞተሩ ስር ካርቶን አንጥፉና ጠዋት እዩ፣ የራዲያተሩ ጎማዎች ጫፍ ላይ፣ ዋተር ፓምፑ ስር፣ ራዲያተሩ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ የደረቀ ምልክት ካለ እዛ ነው የሚያፈሰው። የፊት ወንበር ምንጣፍ ከረጠበ ደግሞ የሂተሩ ነው።

ውሃው ሙሉ ሆኖ ከሞቀ ጥያቄው መቼ ነው የሚሞቀው ነው። ትራፊክ ይዟችሁ ቆማችሁ ሞቆ ስትነዱ ከበረደ ፋኑን ጠርጥሩ፣ በኤሌክትሪክ የሚሰራ ከሆነ ፊውዙን እዩ፣ ሬሌዩን (ፋኑን የሚያበራና የሚያጠፋውን ትንሽ ማብሪያ) ከሌላ ተመሳሳይ ጋር ቀያይሩት፣ ካልሆነ ሞተር አጥፍታችሁ ፋኑን ቀጥታ ከባትሪ አገናኙት፣ ያኔም ካልዞረ ሞቷል። በተቃራኒው ቆሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ከሞቀ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይ ዋተር ፓምፑ ደክሟል፣ ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጋም አትርሱ።

ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው) ላይ ልቆይ፣ "ለኛ ሀገር አያስፈልግም" ብለው አውጥተው የሚጥሉት መካኒኮች አሉና። እባካችሁ አታስወጡ! ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል፣ አንዳንድ ሞተር ላይማ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጭ ስለሚመለስ ጭራሽ ይብሳል። ሞተሩ ሞቆ የላይኛው ጎማ የጋለ የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ፈታችሁ ድስት ውስጥ በሚፈላ ውሃ ሞክሩት፣ 82 የተፃፈበት መከፈት አለበት፣ ግን አዲስ አበባ ውሃው ከ92 ስለማያልፍ እስከ ጥግ ባይከፈት ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ሞተር ስታስነሱ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ፣ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ ወይ ሞቆም ነጭ ጭስ ካላቆመ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ሄዷል፣ መኪናውን አትንዱት፣ አስጎትቱ።

ስትሞሉ የቧንቧ ውሃ ብቻ አታርጉ፣ ዝገትና ደለል ነው ራዲያተሩን የሚደፍነው፣ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ቀላቅሉ። ክዳኑን ሳትዘጉ ሂተሩን ከፍታችሁ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ) አሰሩት፣ አየሩ እየወጣ ውሃው ዝቅ ሲል ጨምሩ፣ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ደግሞ አንዴ ከፍታችሁ እዩት።