ከዓሣ ተረፈ ምርት ለመድኃኒት የሚሆን ነገር ስታወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጎርጎራ ተጭኖ ጎንደር የሚገባው ዓሣ ሥጋው ለጥብስና ለጉላሽ ይሄዳል። ቆዳው፣ ቅርፊቱ፣ አጥንቱ፣ ጭንቅላቱና የሆድ ዕቃው ይጣላል። ከዓሣው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው የሚጣለው ነው። ያሳዝናል፤ ከቆዳና ከቅርፊት ኮላጅንና ጄላቲን፣ ከሆድ ዕቃ ዘይትና ኢንዛይም፣ ከአጥንት ካልሲየም ይገኛልና። በዚህ ሥራ ለመግባት ለምታስቡ፣ ልፋትን መና የሚያስቀሩት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ከሁሉ የሚብሰው «ላብራቶሪ ስንደርስ እናስተካክለዋለን» ማለት ነው። ዓሣ ከሞተ በኋላም በሆዱ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራ አያቆሙም። ምግብ ይፈጩ የነበሩት የራሱን ሆድና ሥጋ መፍጨት ይጀምራሉ፤ ባክቴሪያውም ይከተላል። ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናል። በማዳበሪያ ታስሮ መኪና ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ቆዳ ጎንደር ሲደርስ ፕሮቲኑ ተቆራርጧል። የተቆራረጠውን ደግሞ የሚጠግን ኬሚካል የለም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ዓሣው በሚታረድበት ሐይቅ ዳር ነው። የሆድ ዕቃው ወዲያው ይነጠል፤ ቆዳው ይታጠብ፤ በረዶ ውስጥ ይግባ። በጾም ወቅት ዓሣ ሲፈለግ ተረፈ ምርቱም ይበዛል፤ በረዶውን ቀድሞ ማሰብ ያኔ ነው።

ሁሉንም ባንድ በርሜል ማጎርም ከዚሁ አይለይም። የሆድ ዕቃ ቆዳን ያበላሻል፤ የአምባዛ ስብ የቆሮሶን ቆዳ ይበክላል። በየዓይነቱና በየክፍሉ ለዩ።

ቀጥሎ ያለው ማፍላት ነው። ብዙ ሰው ቆዳውን ድስት ውስጥ ቀቅሎ «ኮላጅን አወጣሁ» ይላል። ያወጣው ጄላቲን ነው። ኮላጅን ሦስት ክሮች እንደ ገመድ ተጠምዝዘው የተሠራ ፕሮቲን ሲሆን ሙቀት ጥምዝምዙን ይፈታዋል፤ የተፈታው ነው ጄላቲን የሚባለው። የቆሮሶ ኮላጅን ከ30 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ መፈታት ይጀምራል። ኮላጅኑን እንዳለ ከፈለጋችሁ በመጀመሪያ ስቡንና ሌላውን ፕሮቲን አስወግዱ። ከዚያ በቀላል አሴቲክ አሲድ፣ በፍሪጅ ቅዝቃዜ፣ በ4 ዲግሪ ገደማ ይውጣ። ትዕግሥት ይጠይቃል። አሲዱም ለምግብ የተፈቀደው ዓይነት መሆን አለበት።

ጄላቲን ማውጣት ግን ነውር የለውም። እንዲያውም ለእኛ አገር የበለጠ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። የመድኃኒት ካፕሱል ሽፋን በብዛት የሚሠራው ከከብት ወይም ከአሳማ ጄላቲን ነው፤ አሳማውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይፈልገውም። ለጄላቲንም ቢሆን ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ያለ ውሃ ይበቃል። እያንፈቀፈቁ መቀቀል የመርጋት ኃይሉን ይቀንሰዋል።

ዘይቱን በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ መስኮት ላይ መደርደር ሌላው ጥፋት ነው። ኦሜጋ 3 ብርሃን፣ አየርና ሙቀት አይወድም፤ ቶሎ ይሻግታል። ጠቆር ያለ ጠርሙስ፣ እስከ አፉ የተሞላ፣ ቀዝቃዛ ቦታ። ከጨዋማ ውሃ ዓሣ ጋር እኩል ኦሜጋ 3 ከጣና ዓሣ አትጠብቁ፤ ለገዢም እንደዚያ ብላችሁ አትንገሩ።

ካይቶሳን የሚባለው፣ ለቁስል ማሸጊያ የሚውለው ንጥረ ነገር ከዓሣ ቅርፊት ይወጣል የሚል ወሬም ትሰማላችሁ። አይወጣም። ዋናው ምንጩ የሽሪምፕና የሸርጣን ልባስ ነው።

አሁን ሰው የሚጎዳበት ላይ ደረስን። ብራዚል ውስጥ በፎርታሌዛ ሐኪሞች የተቃጠለ ገላን በቆሮሶ ቆዳ ሸፍነው አክመዋል። ይህን ሰምቶ ከገበያ የመጣ ጥሬ ቆዳ ቁስል ላይ መለጠፍ ግን አደገኛ ነው። እነሱ ቆዳውን በኬሚካል አጽድተው፣ በግሊሰሮል አቆይተው፣ ከጀርም ነጻ መሆኑን አረጋግጠው ነው የተጠቀሙት። በፈላ ውሃ ነክሬዋለሁ ማለትም አይበቃም። ጎንደር ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በእንፋሎት ማምከን ግን በ121 ዲግሪ ነው የሚሠራው። ያ ሙቀት ደግሞ ቆዳውን ራሱን ያቀልጠዋል። የተቃጠለ ሰው ቶሎ ሆስፒታል ይሂድ።

ያወጣችሁትን ዱቄት «መድኃኒት» ብላችሁ ለመሸጥም አትቸኩሉ። ፕሮታሚን፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን የሄፓሪንን ሥራ የሚያቆመው መድኃኒት፣ የተገኘው ከሳልሞን ዓሣ የወንዴ ዘር ነው። ግን ተጣርቶ፣ ተመዝኖና ተፈትኖ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ዓሣ ለማይስማማው ሰው ሲሰጥ ጥንቃቄ ይደረግበታል። የእናንተም ማሸጊያ ላይ «ከዓሣ የተሠራ» የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ፈቃዱን የምትጠይቁት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ነው።

የዓሣ እንቁላልን እንደ ጥሬ ዕቃ መፈለግም ይቅርባችሁ። የጣና ነጭ ዓሣ ክረምት ላይ እንደ መገጭ ወዳሉ ወንዞች ወጥቶ ይራባል። ለእንቁላሉ ዋጋ ከተሰጠ መረቡ ወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል፤ ዓሣው ሳይራባ ይያዛል። በእነዚያ ወራት ከቆሮሶ ቆዳና ቅርፊት ጋር ብቻ ሥሩ።