ጣርማበር ዳገት ላይ ጉልበት ያጣ ቱርቦ፦ ከፓምፑ በፊት ማኒኮቶው ይታይ
ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሲወጣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ጉልበት ላጣ አሮጌ ባለ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚነፋ) ናፍጣ መኪና የመጀመሪያው ወጪ አዲስ ቱርቦ አይደለም። ችግሩ የተገኘው የኢንተርኩለሩ (ቱርቦው የነፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ማኒኮቶ፣ ማለትም የአየር ቱቦው ላይ ነው፤ ፋሼታው (የቱቦው ማሰሪያ) የነከሰበት ቦታ ጥፍር የማታክል ስንጥቅ፣ ዙሪያዋን ዘይት የጠጣ አቧራ። ሞተሩ ሲቆም ትገጥማለች፣ ቱርቦው ሲነፋ ትከፈታለች።

ፍተሻው፦ የቱርቦውን መግቢያ ደፍኖ፣ በመድፈኛው በኩል ከ1 ባር ግፊት ያልበለጠ አየር መስጠት፣ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ መቀባት፤ አረፋ የሚነሳበት እሱ ነው። ማኒኮቶው ውስጡ ጨርቅ ያለው ሲሊኮን፣ ፋሼታው ሰፊና ባለ ብሎን ይሁን። የአየር ፊልትሮም አብሮ ይቀየር።

የናፍጣ ፓምፑን አስከፍቶ ናፍጣ ማስጨመር ግን አደራ ይቅር! ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ትርፉ ናፍጣ ጭስ ይሆናል፣ ሙቀቱም ፒስተን እስከማቅለጥ ይደርሳል።